አራት ጥቁር ካንዴላ

ወልደየሱስ የሰደበኝ ሚያዝያ 23 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ እሁድ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ቦታው ነገሌ፣ ከጦር ሰፈሩ አጥር ዝቅ ብሎ፣ የእናቱ የእትዬ አባይነሽ ቤት። የላብ አደሮች ቀን ነበርና ሜዳ ላይ ስንሰለፍ አርፍደን፣ መፈክር ስናሰማ ጉሮሯችን ደርቆ፣ ለምሳ እዚያ ገባን። እኔ የቤቱ አማች ነኝ፤ ታናሽ እህቱን ተናኘን ካገባሁ ያኔ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። እጄን በኦሞ ታጥቤ፣ በአሸዋ ፈትጌ፣ እንደገና በሳሙና ታጥቤ ነው የቀረብኩት። ሰባት ሰው ከብቦ ወደተቀመጠበት ትሪ እጄን ስዘረጋ ወልደየሱስ እጄን በዓይኑ ያዘውና፣ «ለሱ ለብቻው ስጡት እንጂ! የመካኒክ እጅ በሳሙና አይጠራም፤ ወጡ ናፍጣ ናፍጣ ሊለን ነው» አለ። ሳቁ። ከጦር ሰፈሩ የመጣ አንድ ሃምሳ አለቃማ ትን እስኪለው ሳቀ። እትዬ አባይነሽ አልሳቁም፤ ግን ተነስተው አንዲት የቆርቆሮ ሳህን አመጡና ድርሻዬን አወጡልኝ። ከሳቁ ይልቅ እስከ ዛሬ የምታንገበግበኝ ያች ሳህን ናት። ስድብ ከአፍ ያመልጣል፤ ሳህን ግን ታስቦበት፣ ከመደርደሪያ ወርዶ፣ ተወልውሎ ነው የሚቀርበው። ተናኘ ቀና ብላ አላየችኝም። ሬዲዮኑ ላይ የተዘረጋውን፣ ራሷ ልጅ ሳለች በአረንጓዴ ክር የጠለፈችውን አቡጀዲ ደጋግማ ስታስተካክል ቆየች። እኔም በሳህኗ በላሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወልደየሱስን «ጋሼ» ብዬው አላውቅም። «አንተ» እንዳልለው ታላቄ ነው፤ «አንቱ» እንዳልለው ሳህኗ ትመጣብኛለች። ስሙንም ሳልጠራ፣ ዙሪያውን እየዞርኩ ነው የማናግረው።

ይህን ያነሳሁት የካቲት 14 ቀን 1977 ዓ.ም. የሆነውን ለመናገር ነው። ሐሙስ ነበር። ያ ዓመት ዝናብ የቀረበት ዓመት ነው። ከብቱ በየመንገዱ ዳር ወድቆ፣ የዱብሉቅ መንገድ ዱቄት ሆኖ፣ መኪና ሲያልፍ አቧራው እስከ ማታ አይቀመጥም ነበር። ለችግረኛ ስንዴ የሚያድል አንድ መስሪያ ቤት ከተማችን ውስጥ ተከፍቶ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። ወልደየሱስ ከውትድርና በአስር አለቃነት ተሰናብቶ እዚያ የትራንስፖርት ኃላፊ ሆኗል። እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ መሪ ይዞ ከመንዳት በቀር ሞተር ውስጥ ምን እንዳለ የማያውቅ ሰው ነው። እኔ ከገበያው ጀርባ በቆርቆሮ በከለልኳት ቦታ የሰው መኪና እጠግናለሁ። መስሪያ ቤቱም ሲቸግረው በቀን ሦስት ብር ከሃምሳ እየከፈለ ያሠራኝ ነበር፤ በዚያው ዓመት በጥር ዘጠኝ ቀን ግቢው ውስጥ የፍሬን ሥራ ስሠራ ሰንብቻለሁ። ቋሚ አድርጉኝ ብዬ ማመልከቻ አስገብቼ ወልደየሱስ «አራተኛ ክፍል ለመስሪያ ቤት አይበቃም» ብሎ ጽፎበት ተመልሶልኛል። እሱ ራሱ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ የጠየቀው የለም።

በዚያ ሐሙስ ጠዋት የግቢው ዘበኛ ጂሎ መጣ። «አካም ቡልቴ፣ ዋሪዮ?» አለኝ ከቆርቆሮው ውጭ ቆሞ። «ናጋ። ምን እግር ጣለህ በጠዋት?» አልኩት። «መፍቻህን ይዘህ ና ብለውሃል ጓድ ብዙወርቅ። ከሊፋ ታስሯል» አለ። ከሊፋ የመስሪያ ቤቱን ላንድሮቨር የሚነዳው የሞያሌ ሰው ነው። ስድስት ልጆች አሉት። ነገሌ ውስጥ ካንዴላ ሲጠፋ ከሞያሌ በኪሱ ይዞልኝ ይመጣና የገዛበትን ሰባት ብር ብቻ ይቀበለኝ ነበር፤ ሌላው አስራ አምስት ይለኛል። «ምን አድርጎ?» አልኩ። ጂሎ ዙሪያውን አየና ድምፁን ቀነሰ። «ቤንዚን ሸጧል ይሉታል። የኢኮኖሚ አሻጥር ነው ይሉታል። ሰኞ ወደ አውራጃ ሊያሳልፉት ነው።» ያን ጊዜ ይህችን ቃል የሰማ ሰው ሻይው በእጁ ይቀዘቅዝ ነበር። ቤንዚን በኩፖን ነው፤ ከገበያው በታች በጀሪካን ሲሸጥ ሊትሩ ሦስት ብር ገብቷል፤ በሦስት ብር ቤንዚን ስንት ሰው ደብዛው እንደጠፋ የነገሌ ሰው ያውቃል።

ግቢው በር ላይ የከሊፋ ሚስት ሸምሳ የሻይ ፔርሙዝ ታቅፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ባሏ ያደረው ቀበሌ እስር ቤት ነው። ለጥያቄ ወደ መስሪያ ቤቱ እንዳመጡት ሰምታ ቁርሱን ይዛ ተከትላለች፣ ግን አላስገቧትም። ሳልፍ ሱሪዬን ያዘችኝ። «ዋሪዮ ወንድሜ፣ እነሱ የሚሉትን ተወው። አንተ ያየኸውን ብቻ ተናገር» አለች። «ገና ምኑን አየሁት» አልኩ። ለቀቀችኝ።

ጓድ ብዙወርቅ የመስሪያ ቤቱ አስተዳዳሪ ናቸው። አባታቸው በሚሲዮን ክሊኒክ ድሬሰር ነበሩ። እሳቸውም ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ፣ ሰው ፊታቸው ሲሳደብ ወደ መስኮቱ የሚያዩ ሴት ናቸው። ቢሯቸው ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት የብረት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የመሪው ፎቶ፣ ጥግ ላይ አፉ የተቀደደ የዱቄት ወተት ጆንያ አለ። ወልደየሱስ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ከሊፋ ቀበቶውን ወስደውበት ሱሪውን በግራ እጁ ይዞ፣ በሁለት አብዮት ጠባቂዎች መካከል ጥግ ይዟል። «ጓድ ዋሪዮ» አሉኝ ጓድ ብዙወርቅ፣ «ይህ ላንድሮቨር በአንድ ሊትር ሰባት ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበር። ከጥር መጨረሻ ወዲህ አራት ነው። ጓድ ወልደየሱስ የጎደለው ገበያ ወጥቷል ይላሉ። ከሊፋ ሞተሩ ነው የጠጣው ይላል። አንተ ምን ትላለህ?»

«ሳላይ ምን እላለሁ?»

«ምኑን ያያል?» አለ ወልደየሱስ። «ሞተር ቀበሌ ቀርቦ ይመሰክራል እንዴ? ሌባ ሲያዝ መኪናውን ይከሳል። ዋሪዮ ደግሞ የሞያሌ ሰው ሲያይ ሆዱ ይባባል፤ ኮንትሮባንድ ያቀራርባል።»

ጓድ ብዙወርቅ መስኮቱን አዩ። ቀጥለውም «ይየው» አሉ።

መኪናው ግቢው መካከል ግራሩ ጥላ ሥር ቆሟል። ኮፈኑን ከፍቼ መጀመሪያ የጠየቅኩት ከሊፋን ነው፤ ሞተር ሲታመም ቀድሞ የሚሰማው የሚነዳው ሰው ነዋ። «ጠዋት አነሳሱ እንዴት ነው?» አልኩት። «ያስቸግራል። አራቴ አምስቴ። ሲነሳ ያስለዋል፤ ጥቁር ጭስ። ዳገት ላይ ልብ የለውም፣ እንደ ከሲታ በሬ ይቆማል» አለ። «ለማን ተናገርክ?» «ለአለቃ። ቤንዚን ሸጠህ ላምባ ቀላቅለህበት ነው አለኝ።» ወልደየሱስ «አዎ ብያለሁ!» አለ ከኋላችን።

እኔ አራተኛ ክፍል ነኝ፤ ካንዴላ ግን አነባለሁ። ካንዴላ ትንሽ ዕቃ ነው፣ ከመሐል ጣት ብዙም አይበልጥ። ከላይ ነጭ ሸክላ፣ ከታች ሞተሩ ላይ የሚጠመዘዝ ብረት፣ ጫፉ ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ብረቶች አሉት። በሁለቱ መካከል የሲጋራ ፓኮ ካርቶን ሁለት ታጥፎ የሚያልፍበት ክፍተት አለ። ሞተሩ ውስጥ አየርና ቤንዚን ተቀላቅሎ ሲታመቅ ኤሌክትሪኩ በዚያች ክፍተት ይዘላል፤ ብልጭ ሲል ድብልቁ ይነድዳል፤ የሚነደው ነው መኪናውን የሚገፋው። ክፍተቷ ከሰፋች መዝለል ያቅተዋል፤ ከጠበበች ብልጭታው ይልፈሰፈሳል፤ ሸክላው ከተሰነጠቀ ኤሌክትሪኩ በስንጥቁ ሾልኮ ይቀራል። ይህ ሁሉ የካንዴላው የራሱ በሽታ ነው። ሌላው ግን ካንዴላው የሚናገረው የሞተሩ በሽታ ነው። ደህና ሞተር ውስጥ የከረመ ካንዴላ ጫፉ የዳቦ ቅርፊት ይመስላል። ነጭ ሆኖ ከተቃጠለ ሞተሩ ግሏል፣ ወይም ቤንዚን አጥሮታል። ጥቁር ሆኖ በዘይት ከረጠበ ፒስተኑ ዘይት ያሳልፋል። ጥቁር ሆኖ ደረቅ ከሆነ፣ በጣት ሲነኩት እንደ ድስት ጥላሸት የሚለቅ ከሆነ፣ ሞተሩ ከሚያቃጥለው በላይ ቤንዚን ይገባዋል ማለት ነው። ሰው ይዋሻል፤ ኃላፊ ማህተም ያደርጋል፤ ካንዴላ ግን ያየውን ይዞ ይወጣል።

አንደኛውን ፈታሁ። ጥቁር፣ ደረቅ። ሁለተኛው ጥቁር። ሦስተኛው፣ አራተኛው እንደዚያው። ጋዜጣ ዘርግቼ ኮፈኑ ጎን ደረደርኳቸው። ጓድ ብዙወርቅ ከቢሮ ወጥተው ጎንበስ አሉ፤ አንዱን በጣታቸው ነክተው ጥላሸቱን አዩት። «አባቴም የበሽተኛ ምላስ ሳያዩ መድኃኒት አይሰጡም ነበር» አሉ። «ይህም ምላሱ ነው» አልኳቸው። «አንዱ ብቻ ቢጠቁር ካንዴላው ወይም የሱ ገመድ ነው የታመመው እላለሁ። አራቱም እኩል ከጠቆሩ ጥፋቱ አራቱም ከሚካፈሉት ነገር ነው።» ለማንኛውም አራቱን የካንዴላ ገመዶች ከሁለቱም ጫፋቸው ነቀልኩና ጨርቅ አድርጌ ጠረግኳቸው፣ አጥፌ አየኋቸው፤ የተሰነጠቀ የለም። ሸክላዎቹም ደህና ናቸው፣ ክፍተቱም ደህና ነው። ካርቡራቶሩን ከፈትኩ፤ ጠዋት ሲበርደው የሚዘጋው በር ክፍት ነው፣ ቤንዚኑም ልኩ ላይ ቆሟል። እንግዲህ የቀረው አየሩ ነው። ሞተር ውስጥ ቤንዚን የሚበዛው ሁልጊዜ ቤንዚን ስለበዛ አይደለም፤ አየር ሲያንስም ይበዛል።

ድስት የሚመስለውን የአየር ማጣሪያ ፈትቼ ገለበጥኩት። አየር የሚስብበት አፉ ላይ ጨርቅ ሁለት ታጥፎ በሽቦ ጥፍንግ ተደርጎ ታስሯል። የዱብሉቅ አቧራ ጨርቁ ላይ ተጋግሮ ሸክላ ሆኗል፤ በጥፍሬ ብቧጥጠው ቅርፊት ቅርፊት ይወድቃል። «ይኸውላችሁ» አልኩ። «አቧራ እንዳይገባ ተብሎ አየሩ ተከልክሏል። አፍንጫውን አፍነው የሚያጎርሱት ሰው ምን ይሆናል? ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ይተፋል። ቤንዚኑ ሳይነድ በጭስ ወጥቷል። አልተሸጠም።» ያኔ ነው ከሊፋ ሱሪውን መያዙን ረስቶ ሁለት እጁን ያነሳው። «እሱን ራሱ አለቃ ነው ያሰረ! ለአቧራ ነው አለ፣ በጥር! እዚህ ዛፍ ሥር! ወላሂ እኔ እጄን አላሳረፍኩበትም!» ወልደየሱስ ሳቅ አለ። «እኔ? እኔ ጨርቅ ለቃሚ ነኝ? እየሰማችሁት ነው፣ አሁን ደግሞ እኔን ሊያሳስር ነው።» ሽቦውን ፈትቼ ጨርቁን አራገፍኩት። አቡጀዲ ነው። ጠርዙ ላይ፣ ከአቧራው ሥር፣ አረንጓዴ ክር አለ። ቅጠል፣ ቅጠል፣ በየሦስት ቅጠሉ አበባ። ሚስቴ ናት የጠለፈችው።

ቀና ብዬ ወልደየሱስን አየሁት። እሱም ጨርቁን አይቶታል። የቀይ ሰው ፊት እንዲያ አመድ ሲሆን አይቼ አላውቅም። «ጨርቁን የሚያውቀው አለ?» አሉ ጓድ ብዙወርቅ። አሁን እውነቱን ልናገር፤ እዚያው ማለት ነበረብኝ። የከሊፋ ዓይን አፌ ላይ ነበር። እኔ ግን ሁለት ዓመት በሆዴ የያዝኩት ሰው እጄ ገብቷልና ቶሎ ልለቀው አልፈለግኩም። ትንሽ ይበለው አልኩ። እህል አይውረድለት፣ ሰዓት ሲያይ ይዋል አልኩ። «አውቀዋለሁ» አልኩ፣ «የማን እንደሆነ ከምሳ በኋላ እናገራለሁ።» ጓድ ብዙወርቅ ግንባራቸውን ቋጠር አድርገው አዩኝና «በስምንት ሰዓት» አሉ። ካንዴላዎቹን በጋዜጣው ጠቅልዬ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። ጨርቁን ኪሴ ከተትኩ። ከሊፋን በመጣበት መንገድ መለሱት፤ ሸምሳም ፔርሙዟን ታቅፋ ተከተለች።

በቀጥታ ወደ እትዬ አባይነሽ ቤት ሄድኩ። ተናኘ እናቷ ጋ ስንዴ ልትለቅም ጠዋት መውጣቷን አውቃለሁ። ቤቱ እንደ ድሮው ነው፤ የተወለወለ ሲሚንቶ፣ መጋረጃ ያለው አልጋ፣ ግድግዳው ላይ ካራማራ የቀረው የትልቁ ልጃቸው ፎቶ። ሬዲዮኑ ግን ራቁቱን ተቀምጧል። «ግባ ልጄ፣ ምነው ጠፋህ» አሉ እትዬ። ገባሁ። ስለ ኑሮ አነሱልኝ። ስኳር በቀበሌ ከመጣ ሦስተኛ ሳምንቱ መሆኑን፣ ከሞያሌ የሚገባው ደግሞ ኪሎው ስድስት ብር መግባቱን፣ ፍየል ግን በአምስት ብር የሚወስደው እንዳጣ፣ የባላገሩ ሴት በአንድ ጣሳ ዱቄት ጥጃ ልስጥሽ ብላ በር ላይ እንደቆመችባቸው። ሰው ልብ ውስጥ ያለውን ላለማውራት ገበያውን ሁሉ ይዞራል። ተናኘ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠጠሯን እየለቀመች ታደምጣለች። ምሳ በትልቁ ትሪ ቀረበ፤ «ከዚህ ብላ፣ ከእኔ ጋር» አሉኝ። ጨርቁን ከኪሴ አወጣሁና ትሪው አጠገብ አስቀመጥኩት።

የተናኘ እጅ ሰፌዱ ላይ ቆመ። «ጥልፉ የማን ነው?» አልኳት። «የኔ ነው» አለች። «ከዚህ ቤት ማን አወጣው?» ጠጠር ለቀመች። አንድ፤ ሌላ አንድ። ለእናትየው ዞርኩ። «እትዬ፣ እርስዎስ?»

«ጨርቅ እኮ ነው ልጄ» አሉ።

«በዚህ ጨርቅ ሰው ታስሯል። ስድስት ልጅ ያለው ሰው።»

«ሰማሁ። ያሳዝናል።» ዓይናቸው ወደ ፎቶው ሄደና ተመለሰ። «ከዚህ ቤት አንዱ ሄዶ ቀርቷል፣ ዋሪዮ። የመስሪያ ቤት ዕቃ አበላሸ ብለው ሁለተኛውን ሲወስዱ እኔ በየትኛው እግሬ ነው እስር ቤት የምመላለሰው? እኔ ማን እንደወሰደው አላየሁም። ብጠየቅም አላየሁም ነው የምለው። አንተም የቤቱ ልጅ ነህ።» የቤቱ ልጅ ያሉኝ ያን ቀን ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ያልነበርኩትን ልጅነት በአንድ ጨርቅ ሰጡኝ። ተናኘ ቀስ ብላ እጇን ዘርግታ፣ በጥፍሯ ከአንዱ ቅጠል ላይ አቧራውን ቧጠጠች፤ ከዚያ እንደገና ወደ ስንዴው። እኔም ሳልጎርስ ጨርቁን አነሳሁና ወጣሁ።

በስምንት ሰዓት ቢሮ ስገባ ከሊፋን መልሰው አምጥተው ጥግ አቁመውታል፤ አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ይጠብቀኛል፤ በታይፕ የተመታ፣ በሦስት ቅጂ። ወልደየሱስ ምሳውን አልበላም፤ እሱ ሲጨነቅ ይዋል ብዬ የሰጠሁትን ሁለት ሰዓት ሲጽፍበት ነው የዋለው። ጓድ ብዙወርቅ አነበቡልኝ። የትራንስፖርት ኃላፊው ጓድ ወልደየሱስ ባደረጉት ጥልቅ የቴክኒክ ምርመራ የመኪናው የነዳጅ ብክነት ምክንያት መገኘቱን፤ ይኸውም በጥር ወር በጊዜያዊ መካኒክነት የተቀጠረው ዋሪዮ ጎዳና በዕውቀት ማነስ የአየር ማጣሪያውን በጨርቅ በማሰሩ መሆኑን፤ ሾፌሩ ከሊፋ ጥፋት ያልተገኘበት መሆኑን፤ ጊዜያዊ መካኒኩም ከዛሬ ጀምሮ ወደ ግቢው እንዳይገባ መወሰኑን። በዕውቀት ማነስ! «ጨርቁ የእናቱ ቤት ጨርቅ ነው!» አልኩ፤ ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። «ሬዲዮን ላይ ተዘርግቶ ነው የኖረው። ሚስቴ ናት የጠለፈችው!»

ጓድ ብዙወርቅ ጨርቁን አገላብጠው አዩት። «ጓድ ዋሪዮ» አሉ ዝግ ብለው፣ «የእሱ እናት ቤት ላንተም የአማትህ ቤት ነው። ጥልፉም የሚስትህ ነው እያልክ ነው። በጥር ደግሞ ዘጠኝ ቀን እዚህ ግቢ ውስጥ ሠርተሃል።» ማስረጃዬን ይዤ መጥቼ ራሴን ነው ያሰርኩበት። ጠዋት፣ ፊቱ አመድ እንደሆነ፣ ሰው ሁሉ እያየው ብናገር ኖሮ ይህ ወረቀት አይጻፍም ነበር። ወልደየሱስ ጉሮሮውን ጠራረገ። «አማቻችን ነው፤ ልጎዳው አልፈልግም» አለ። «ክፋት አስቦ ነው አላልኩም። አላወቀም ነው ያልኩት። አለማወቅ አያሳስርም።»

«ከፈረምክ ከሊፋ አሁን፣ ከዚህ ክፍል ይወጣል» አሉ ጓድ ብዙወርቅ። «አልፈርምም ካልክ መብትህ ነው። ያኔ ማን ጨርቁን እንዳሰረው ይመርመር ብዬ ስለ ሦስታችሁም ሰኞ ለአውራጃ እጽፋለሁ። አውራጃ ደግሞ እስኪመረምር ማንን እንደሚያስር አንተም ታውቃለህ።» ይህን ሲሉ መስኮቱን አላዩም፤ እኔን ነው ያዩት። አወቅኳቸው። እውነቱ የቱ ጋ እንዳለ ከማንም በላይ ገብቷቸዋል፤ ግን እውነትና ከሊፋ በአንድ በር አይወጡም፣ አንዱን ምረጥ ነው የሚሉኝ። ተናደድኩባቸው። ዛሬም እናደድባቸዋለሁ። ከሊፋ ጥግ ላይ እንደቆመ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብሎ፣ «አትፈርም፤ ውሸት ነው» አለኝ። እንደዚያ ባይለኝ ይሻለኝ ነበር። በመስኮቱ ሸምሳ ትታያለች፤ ፔርሙዟ አሁንም እቅፏ ውስጥ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሻይውን ለማንም አልቀዳችም።

እስክሪብቶውን አነሳሁ። ስሜን በሙሉ፣ ጎላ ባለ ፊደል፣ ሦስቱም ቅጂ ላይ ጻፍኩ። የአራተኛ ክፍል አስተማሪዬ ፊደልህ ያምራል ይሉኝ ነበር፤ አምሮ ወጣ። ለከሊፋ ቀበቶውን መለሱለት። እዚያው ቢሮ ውስጥ፣ ፊታችን፣ ቀዳዳውን በመከራ እያገኘ ታጠቀ። ሊያመሰግነኝ ፈልጎ ይሁን ሊቆጣኝ፣ ትከሻዬን ጨብጦ ለቀቀኝና ወጣ። ሸምሳ ብድግ ስትል አየሁ። አላለቀሰችም፤ የፔርሙዙን ክዳን ፈታችና ቆመው እየተቀባበሉ ጠጡ።

ልወጣ ስል ጓድ ብዙወርቅ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ እየከተቱ፣ «ነገ ጠዋት በአስራ ሁለት ሰዓት ክብረ መንግሥት ለስብሰባ እሄዳለሁ፤ መኪናው ዛሬ ማታ ይዘጋጅልኝ» አሉ። ወልደየሱስ «ዋሪዮ አሁኑኑ ይገጥመዋል» አለ። «እንዴት ይሆናል?» አሉ እሳቸው፣ ድምፃቸውን ሳይለውጡ። «ወደ ግቢው አይገባም ብለው የጻፉት እርስዎ ነዎት። በዕውቀት ማነስ ብለውማል። ጥልቁን ምርመራ ያደረጉት እርስዎ ስለሆኑ እርስዎው ይመልሱት።» ካንዴላዎቹን ከነጋዜጣቸው በጠረጴዛው ላይ ወደሱ ገፋ አደረጓቸው።

ግቢውን ግማሽ ሳልሻገር እርምጃ ከኋላዬ ሰማሁ። ወልደየሱስ ነው፤ በአንድ እጁ ጋዜጣውን እንደ እንቁላል ይዞ፣ በሌላው አራቱን ጥቁር ገመዶች አንጠልጥሎ። ገመዶቹ ርዝመታቸው የተቀራረበ ነው፤ ምልክትም የላቸውም። አንዱ ያለቦታው ከገባ ሞተሩ ያጓራል እንጂ አይነሳም፤ የቱ ከየቱ እንደሚገናኝ የማውቀው እኔ ነኝ። ዞር ብሎ ቢሮውን አየ። ጂሎ በሩ ላይ ቆሞ ያየናል፤ ሁለት ሾፌሮች ግራሩ ሥር ያዩናል። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ዋሪዮ፣ እነዚህ ገመዶች... የትኛው ነው መጀመሪያ?»

መፍቻዎቼን የያዘውን ቦርሳ ትከሻዬ ላይ አስተካከልኩ።

«ዋሪዮ ወንድሜ፣ አንዱን ብቻ አሳየኝ። ሌላውን እኔ እደርስበታለሁ።»

ጂሎ በሩን ከፈተልኝ፤ ወጣሁ።